ጉንጭዎ ሲያብጥ አፍዎን ይክፈቱ

[ምስል፡ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ]

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉንጩ የተወጠረ ሰው ማንንም አያስደንቅም፤ ጫት ይዟል ተብሎ ይታለፋል። በማግስቱ ጠዋት ጉንጩ እንደተወጠረ ከተገኘ ግን «ምች መታው» ይባላል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ቀናት ይቆጠራሉ። እባክዎ፣ ከዳማከሴው በፊት መስታወት ፊት ቆመው አፍዎን ይክፈቱ።

[ምስል፡ የተቦረቦረ የመንጋጋ ጥርስ በቅርበት]

በአንድ ወገን በድንገት የሚመጣና የሚጠዘጥዝ የፊት እብጠት ብዙውን ጊዜ መነሻው ጥርስ ነው። ጥርሱ ሲቦረቦር ባክቴሪያው እስከ ነርቩ ይዘልቃል፤ ነርቩ ይሞታል፤ መግሉም በስሩ ጫፍ ወጥቶ፣ አጥንቱን በስቶ ጉንጭ ውስጥ ይጠራቀማል። ነርቩ በሞተ ጊዜ ሕመሙ ጋብ ስለሚል ብዙ ሰው ይታለላል። ጫት አፍ ያደርቃል፤ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ ጥርሱን ይጨርሰዋል።

ከዚያ አሞክሳሲሊን ይገዛል። እብጠቱ ይጎድላል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል። አልዳነም! መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተው ጥርስ ውስጥ ደም አይደርስም። ስለዚህ ይመለሳል። የሚያድነው መግሉን በሐኪም ማስወጣት፣ ጥርሱንም በስር ሕክምና ማጽዳት ወይም ማስነቀል ነው። ቤት ውስጥ በምላጭ መብጣት በፍጹም አይሞከር።

[ምስል፡ ከጆሮው ሥር ያበጠ ልጅ]

ልጅ ትኩሳት ይዞት ከጆሮው ሥር ካበጠና የጆሮው ጫፍ ወደ ላይ ከተገፋ ጆሮ ደግፍ ይጠረጠራል፤ ስሙ ራሱ ቦታውን ይናገራል። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሠራበትም። ምግብ ሲቀርብ አብጦ በኋላ የሚጎድል ከሆነ በምራቅ ቱቦ ውስጥ ጠጠር ሊኖር ይችላል። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ዙሪያ የሚያብጥ ልጅ ሽንቱ ይመርመር፤ ኩላሊት ሊሆን ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማያም፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ጠጣር እባጭ ነው። አለማመሙ ደህንነቱን አያሳይም። ሦስት ሳምንት ካለፈው ይታይ።

[ምስል፡ ሌሊት፣ ባጃጅ ሆስፒታል በር ላይ]

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ ምላስን ሽቅብ ከገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ አልከፈት ካለ ወይም ዓይን ከተደፈነ ንጋትን አይጠብቁ። የአየር መተላለፊያው ሊዘጋ ይችላል። ባጃጅ ጠርተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በመንገድ ላይም በሽተኛውን አያስተኙት፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ።