ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል? ኦርላንዶ ከማን ጋር ነው የሚኬደው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጆቹን ፍሎሪዳ ወዳለችው ኦርላንዶ የምንወስዳቸው ከሆነ፣ ከሁለቱ ትልልቅ የመዝናኛ ስፍራዎች ዲዝኒ ወርልድ ይሻላል ወይስ ዩኒቨርሳል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በትኬት ዋጋና በሮለር ኮስተር፣ ማለትም በከፍታ ሀዲድ ላይ በፍጥነት በሚወርድ መጫወቻ፣ ብዛት ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ከቤተሰቤ ጋር ካየሁ በኋላ፣ ጥያቄው መጀመር ያለበት አብሮን ከሚሄደው ሰው ዕድሜና አቅም ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ይህንኑ ሐሳብ ሲሆን፣ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለቱን ቦታዎች በመጀመሪያ የሚለያቸው መሬቱ ነው። ዋልት ዲዝኒ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ዲዝኒላንድ በሌሎች ሰዎች ሆቴሎችና ሱቆች ስለ ተከበበበት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመካከለኛው ፍሎሪዳ ወደ 11,000 ሄክታር የሚጠጋ፣ በአብዛኛው ረግረግ የሆነ መሬት በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም በምስጢር አስገዛ። እሱ በ1966 ሲሞት ሥራውን ወንድሙ ሮይ ተረክቦ የዲዝኒ ወርልድን የመጀመሪያ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደምን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ከፈተ። ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው ፓርክ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም ደግሞ በ1998 ተጨመሩ። መሬቱ ከመስፋቱ የተነሣ በመኪና የመጣ ሰው ማጂክ ኪንግደም ደጃፍ ለመድረስ መኪናውን ካቆመ በኋላ ሐይቁን በጀልባ መሻገር ወይም ሞኖሬል የሚባለውን ባለ አንድ ሀዲድ ባቡር መሳፈር አለበት። ይህ ጊዜ ማባከን ነው ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን አውራ ጎዳናው፣ ማስታወቂያውና የነዳጅ ማደያው ሁሉ ከዓይን የሚጠፉት በዚያች ጀልባ ላይ ስለሆነ፣ ዲዝኒን የሚወዱ ሰዎች ከሚወዱት ነገር ትልቁ ድርሻ እዚያው ይጀምራል እላለሁ።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳ የተከፈተው ጁን 7 ቀን 1990 ሲሆን፣ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር በ1999 አጠገቡ ተሠራ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በቅርብ ካሉት ሆቴሎችም በእግር ወይም በጀልባ ይደረሳል። ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ፣ በመካከሉ ሆቴል ገብቶ ማረፍ ይቻላል። ሁለትና ሦስት የዕረፍት ቀን ብቻ ላለው ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ ትንሹ ልጄ ገና ቁመቱ ለብዙ መጫወቻዎች አልደረሰም ነበር። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ እንደ ጀንግል ክሩዝ፣ ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያንና ሆንትድ ማንሽን ያሉት የቁመት ገደብ ስለሌላቸው አያትና የልጅ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያልፋሉ። በአኒማል ኪንግደም የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ደግሞ ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ሲሄዱ ቀጭኔው መንገዱን እስኪያቋርጥ መኪናው ይቆማል። እናቴ የልጁን እጅ ይዛ ስለ እንስሳቱ ስትነግረው፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ሆነን እነሱን ነበር የምናየው። ማንም ከውጭ ቆሞ ቦርሳ መጠበቅ አልነበረበትም፤ ሦስት ትውልድ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

ኤፕኮትም በሐይቁ ዙሪያ የአሥራ አንድ አገሮችን አደባባይ ስለያዘ በዝግታ መራመድ ለሚወድ ሰው ይስማማል፤ ከእነዚህ አገሮች መካከል ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ መሆኗ ግን ባየሁት ቁጥር ቅር ያሰኘኛል።

ዩኒቨርሳል ከዚህ በጣም ይለያል። ቬሎሲኮስተር የተባለው፣ በ2021 የተከፈተው ሮለር ኮስተር፣ 130 ሴንቲ ሜትር ያልሞላውን ልጅ አይቀበልም። ወላጆች ተራ በተራ እንዲሳፈሩ ትንሹን ልጅ ይዘው የሚጠብቁበት ክፍል በብዙዎቹ መጫወቻዎች ቢኖርም፣ ቤተሰቡ የቀኑን ብዙ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፋል። የተወሰኑት መጫወቻዎች በስክሪን ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸውም እንደ እኔ ራሱን የሚያዞረው ሰው ይቸገራል።

ነገር ግን ታሪክ ውስጥ ገብቶ መኖር የሚፈልግ ታዳጊ ያለው ሰው፣ በታዋቂው የጠንቋዩ ልጅ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ዩኒቨርሳል ውስጥ ወደተሠራው የሃሪ ፖተር ዓለም ይሂድ። የመጀመሪያው ክፍል በ2010፣ ዳያጎን አሊ የተባለው የለንደኑ መንደር ደግሞ በ2014 ተከፍቶ፣ ሁለቱ ፓርኮች ሆግዋርትስ ኤክስፕረስ በሚባል ባቡር ተገናኙ። ተሳፋሪዎቹ በሚገቡበት ጠባብ የባቡር ክፍል ውስጥ በአንዱ ወገን ባለው መስኮት ከተማው አልፎ የገጠሩ ሜዳ ይመጣል፤ በሌላው ወገን ባለው የበር መስታወት ላይ ደግሞ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ጥላ ይታያል፣ ድምፃቸውም ይሰማል። ስትመለሱ መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ ታሪክ ነው። ከፓርክ ወደ ፓርክ መጓጓዣ ብቻ ሊሆን ይችል የነበረን ነገር ሰው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ነገር ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው። እዚህ ባቡር ላይ ለመሳፈር ሁለቱንም ፓርኮች የሚያስገባ ትኬት እንደሚያስፈልግ ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ወረፋ ካነሣሁ፣ በጣም የሚከነክነኝን ነገር መናገር አለብኝ። በ1971 ዲዝኒ ወርልድ የገባ ሰው ከኤ እስከ ኢ የተመደቡ ትኬቶች የያዘ ደብተር ገዝቶ፣ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ከዚያ እየቀደደ ይሰጥ ነበር። በ1982 ይህ ቀርቶ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁሉንም መጫወት ተጀመረ። በ1999 ፋስትፓስ ሲመጣም ሰዓት ተቆርጦለት ቶሎ የመግባት ዕድሉ ያለ ክፍያ ለሁሉም ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን ይህ ዕድል በገንዘብ የሚገዛ ሆኗል። ዩኒቨርሳልም ኤክስፕረስ የሚባለውን ማለፊያ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ ከሆቴሎቹ ውድ የሆኑት ሦስቱ ብቻ ለእንግዶቻቸው በነባሮቹ ሁለት ፓርኮች በነፃ ይሰጣሉ። ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ የመጣ አባት ልጁን ይዞ በፀሐይ ቆሞ፣ ጎኑ ባለው መስመር ሌሎች እየተቻኮሉ ሲያልፉ ሲያይ የሚሰማውን አውቀዋለሁ። መግቢያው ለሁሉም እኩል ተከፍሎበት ሳለ ጊዜን ለብቻው መሸጥ በሁለቱም ዘንድ ትክክል አይመስለኝም።

በምግብ በኩል ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በብዙ ቦታ ልጆች ትምህርት ቤት ከመመለሳቸው በፊት ባለው የዕረፍት ወቅት ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው ምን እበላለሁ ብሎ ይጨነቃል። ዲዝኒ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆኑትን ምግቦች በዝርዝሩ ላይ በቅጠል ምልክት ስለሚያሳይ፣ እናቴ ሳትቸገር ጾማ ውላለች።

ሜይ 22 ቀን 2025 የዩኒቨርሳል አዲሱ ፓርክ ኤፒክ ዩኒቨርስ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ንጽጽሩ ተለውጧል። ፓርኩ ከነባሮቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስለሚርቅ፣ ዩኒቨርሳል ሁሉ ነገር በእግር ይደረሳል የሚለውን ብልጫውን በከፊል አጥቷል። በውስጡ ያለው፣ በቪዲዮ ጨዋታ ሠሪው ኒንቴንዶ ስም የተሠራው ክፍል ልጆችን እጅግ ያስደስታል፤ ሆኖም ልጁ በየግድግዳው ያሉትን ጨዋታዎች ሙሉ በሙሉ እንዲጫወት የእጅ አምባር ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ የፍሎሪዳ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ያጉረመርማል፤ መብረቅ በቀረበ ጊዜም ሜዳ ላይ ያሉት ሮለር ኮስተሮች ይቆማሉ። ስለዚህ ታዳጊዎችን የያዘ ሰው በጠዋቱ ቬሎሲኮስተር ላይ ቢገኝ፣ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ወደ ዳያጎን አሊ ሱቆች ቢገባ እመክራለሁ። አያትና ሕፃን ይዤ ለአንድ ቀን ብቻ ብሄድ ግን እኔ የምመርጠው አኒማል ኪንግደምን ነው። በሩ ሲከፈት ቀጥታ ወደ ሳፋሪው እሄዳለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ገና ስላልበረታ እንስሳቱ ጥላ ፍለጋ አይሸሸጉም።