የኤኒቴ ስምንት ፈረሶች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ በመካከለኛው ዘመን በጀርመንኛ፣ ኋላም የአውሮፓ አይሁዳውያን ይናገሩት በነበረው በይዲሽ ቋንቋ ስለተጻፉ የፈረሰኞች ጀብዱዎች ላወጋችሁ እወዳለሁ። እነዚህን ታሪኮች ባነበብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ፣ አንዱ ድርጊት ወንድ ሲፈጽመው ጀግንነት ተብሎ ሲወደስ ሴት ስትፈጽመው በዝምታ መታለፉ፣ አንዳንዴም ማስቀጣቱ ነው።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሃርትማን ፎን አወ የተባለ ባለቅኔ፣ የፈረንሳዊውን የክሬቲየን ደ ትሯን ድርሰት መነሻ አድርጎ «ኤሬክ»ን ጻፈ። ኤሬክ በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በአርተር አደባባይ ስሙ የገነነ የንጉሥ ልጅ ነው፤ ኤኒቴን ካገባ በኋላ ግን ከመኝታ ቤቱ መውጣት ይተዋል፣ የጦር ጨዋታውንም ይረሳል፣ ሰዉም ያጉረመርማል። ሚስቱ የተኛ መስሏት ስትቆዝም ይሰማታል። በዚህ ጊዜ ጥሩሩን ለብሶ፣ እርሷን ከፊቱ አስቀድሞ መንገድ ይጀምራል፤ ምንም ብታይ፣ ምንም ብትሰማ ትንፍሽ እንዳትልም በሞት ቅጣት ያስጠነቅቃታል።

ከፊት የምትሄደው እርሷ ስለሆነች አድፍጠው የሚጠብቁትን ሦስት ሽፍቶች ቀድማ ታያለች። መጀመሪያ በምልክት ልታስጠነቅቀው ትሞክራለች፤ እርሱ ግን ልብ አይልም። ከዚያ ባለቅኔው ረዘም አድርጎ ወደሚያሰማን የልቧ ሙግት ትገባለች፤ ብትናገር ነፍሷን ታጣለች፣ ዝም ብትል ባሏ ይሞታል። በመጨረሻ ትናገራለች። ኤሬክም ሦስቱን ከጣለ በኋላ ትእዛዜን ለምን ጣስሽ ብሎ ይቆጣታል፣ ቅጣቷንም በማቅለል ስም የሟቾቹን ፈረሶች እንድትነዳ ያደርጋታል። ጥቂት እንደሄዱ አምስት ሽፍቶች ይመጣሉ፤ ዳግመኛ ታስጠነቅቀዋለች፣ ፈረሶቹም ስምንት ይሆናሉ። የንጉሥ ምራት የስምንት ፈረሶችን ልጓም ጨብጣ በጫካ ውስጥ ስትጓዝ፣ ባለቅኔው ራሱ ሳያዝንላት አልቀረም መሰለኝ፣ እንስሳቱ ለእርሷ ሲሉ እንደ ገሩ ይነግረናል።

በግጥሙ ውስጥ ኋላ ላይ ኤሬክ ይህን ሁሉ ያደረገው ሚስቱን ለመፈተን እንደነበረ፣ ወርቅ በእሳት እንደሚጠራ እርሷም እንደ ጠራች ይገለጻል። እኔ ይህ ማብራሪያ አይዋጥልኝም። ፈተናው የታዛዥነት ቢሆን ኖሮ ኤኒቴ ደጋግማ ወድቃለች፤ ባሏም በሕይወት የተረፈው በመውደቋ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ኦሪንግለስ የተባለው መኮንን፣ ኤሬክ ሞቷል ብሎ፣ ኤኒቴን በግድ ሊያገባት የሚሞክርበት ቦታ ነው። እምቢ ስትል ይመታታል፤ እንደ ሬሳ የተጋደመውን ኤሬክንም የሚያነቃው የእርሷ ጩኸት ነው። ዝም በይ የተባለችው ሴት ድምፅ ባይኖር ታሪኩ እዚያው ያከትም ነበር።

ከኤሬክ በኋላ የተጻፈው የቪርንት ፎን ግራፈንበርግ «ቪጋሎይስ» ጨከን ያለ ነው። በዚህ ታሪክ ሩኤል የምትባል ጸጉራም የዱር ሴት ጀግናውን አንሥታ ይዛው ትሄዳለች፤ ሰይፍ የማንሣት ጊዜ እንኳ አያገኝም። ከሞት የሚያተርፈው የፈረሱ ማሽካካት ነው፤ ድምፁን የዘንዶ መስሏት ትሸሻለች። ጉልበት ያላት ሴት በእነዚህ ታሪኮች አስቀያሚ ሆና መሣሏ አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ፣ ባለቅኔው ጀግናውን እንዲህ ለማሳነስ መድፈሩ ነው። ይኸው ታሪክ ወደ ይዲሽ ሲሻገር «ቪዱቪልት» ተባለ። የጀግናው አባት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ሊሄድ ሲነሣ ልጁን ማን ልበለው ብላ ብትጠይቀው፣ እንደ ወደድሽ ይላታል፤ እርሷም ይህንኑ መልስ ስም አድርጋ ታወጣለታለች። በእኔ ዓይን ይህ የባልን ግዴለሽነት ዕድሜ ልክ የሚያስጠራ ረቂቅ ቀልድ ነው።

የይዲሹ ሥነ ጽሑፍ በተለይ ሴት አንባቢዎችን ያስብ ነበር። አይሁዳዊው ደራሲ ኤሊያ ሌቪታ «ቦቮ ቡኽ»ን (የቦቮ መጽሐፍ) ከጣሊያንኛ ታሪክ ተነሥቶ በ1507 ደረሰው፤ በ1541 በጀርመን ኢስኒ ከተማ ሲያሳትመውም በመግቢያው ላይ ራሱን የደጋግ ሴቶች ሁሉ አገልጋይ ብሎ አስተዋወቀ። ለደጋግ ሴቶች የቀረበው መጽሐፍ የሚጀምረው ግን ባሏን በሚያስገድል፣ ልጇንም በመርዝ ልታጠፋ በምትሞክር እናት ነው! ልጁ ቦቮ አምልጦ በባዕድ ንጉሥ ቤት የፈረስ ጠባቂ ይሆናል፤ የንጉሡ ልጅ ድሩዚያና የምትወደውም በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ነው።

እዚህ ላይ ከኤኒቴ ጋር ያለው ልዩነት ፈጥጦ ይታየኛል። ቦቮ ፈረስ ሲጠብቅ አንባቢው ልዑልነቱን አይረሳም፤ ጋጣው ማንነቱ እስኪገለጥ መሸሸጊያ ነው። ኤኒቴ ግን ገና በድሃ አባቷ ቤት ሳለች የእንግዳውን የኤሬክን ፈረስ ተንከባክባ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ባለቅኔው፣ እግዚአብሔር በምድር ላይ ፈረስ ቢጋልብ እንኳ እንዲህ ያለች አሽከር ትበቃው ነበር ብሎ አወድሷታል። ኋላ ልዕልት ከሆነች ወዲያ ያው ሥራ ባሏን በማዳኗ ቅጣት ሆኖ ተመለሰባት።