ታክሲ ነጂው፣ ጋንዲና የሳንስክሪቱ ኦፔራ

ማርታ፦ እሺ፣ ዛሬ የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፊሊፕ ግላስን «ሳትያግራሃ» ኦፔራ ይዘን መጥተናል፣ በተለይ የመጨረሻውን ዜማ። ሄኖክ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም።

ሄኖክ፦ ምን ላድርግ፣ ያዘኛ! ግን መጀመሪያ የታክሲውን ነገር ልንገርሽ። ግላስ ይሄን ኦፔራ እንዲጽፍ ከሆላንድ ጥያቄ ሲመጣለት አርባ ዓመት አልፎታል፣ ኒውዮርክ ታክሲ ይነዳል። በ1976 ሌላ ኦፔራው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ታይቶ እንኳ ተመልሶ መሪ ነው የጨበጠው።

ማርታ፦ የምርህን ነው?

ሄኖክ፦ የምሬን! እና ወዲያው አጎቴ ትዝ አለኝ። ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል፣ ሙዚቃ ነፍሱ ነው። የመጨረሻውን ዜማ ላኩለት። ኤርፖርት ወረፋ ይዞ ሰምቶት ደወለ፤ «ሰውዬው ምን እያለ ነው?» «ሳንስክሪት ነው ጋሼ፣ የጥንት ሕንድ ቋንቋ፤ ከሂንዱዎቹ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ከብሃጋቫድ ጊታ።» «አንድም ቃል አልገባኝ፣ መዝጋት ግን አቃተኝ» አለ።

ማርታ፦ ኧረ አጎትህ!

ሄኖክ፦ እኔም የምለው እኮ እሱን ነው። ኦፔራው የጋንዲን የደቡብ አፍሪካ ዘመን ነው የሚያሳየው። ሕንዶቹ በ1908 የግዴታ መታወቂያቸውን ሲያቃጥሉ ታያለሽ፣ የሚዘመረው ግን የጊታ ጥቅስ ነው። ታሪኩን በዓይንሽ፣ ጸሎቱን በጆሮሽ። የቃሉ ትርጉም ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ አይሮጥም፣ ግላስ ሆን ብሎ ነው።

ማርታ፦ እዚህ ጋ አልስማማም። በ1980 ሮተርዳም ላይ ሲከፈት የተቀመጠው ሰው ጊታን ከየት ያውቀዋል? ሰው ቃሉን የመረዳት መብት አለው።

ሄኖክ፦ ቅዳሴ ስታስቀድሺ ግዕዙን ሁሉ ትሰሚዋለሽ?

ማርታ፦ አልሰማም፣ ግን ያደግኩበት ነው። የት ጋ እንደሚሰገድ አውቃለሁ። አጠገቤ የምታስቀድም እናት አለች። ቲያትር ቤት ማን አለኝ?

ሄኖክ፦ እሱስ ልክ ነሽ... ግን አጎቴስ? ማንም አልነበረውም እኮ፣ መኪና ውስጥ ብቻውን ነበር!

ማርታ፦ አጎትህን ተወውና ወደ ዜማው።

ሄኖክ፦ እሺ። ጋንዲ ብቻውን ቀርቷል። ከኋላው ማርቲን ሉተር ኪንግ ለሕዝብ ይናገራል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ጋንዲን የሚጫወተው ቴነር፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ፣ ከታች ይነሳና ስምንት ኖታ ወደ ላይ ይወጣል። በቃ፣ ዜማው ይኸው ነው። ሠላሳ ጊዜ!

ማርታ፦ ሠላሳ? አይሰለችም?

ሄኖክ፦ አይሰለችም! ከሥሩ ኦርኬስትራው ይቀያየራላ። እንደ ጥሩምባ ያለ የነሐስ መሣሪያ የለ፣ ከበሮ የለ፤ ባለ አውታሮቹ፣ እንደ ክላርኔት ያሉት የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎችና ኦርጋን ብቻ። ያው ስምንት ኖታ አንዴ ሐዘን ይሆንብሻል፣ አንዴ ተስፋ። ግላስ ይሄን የመደጋገም ነገር ያገኘው ከሕንድ ነው፤ በ1965 ፓሪስ ላይ የሕንዳዊውን ሙዚቀኛ የራቪ ሻንካርን ሙዚቃ በኖታ ሲጽፍ ምቱ በዑደት እንደሚሠራ ገባው።

ማርታ፦ ቃሉስ ምን ይላል?

ሄኖክ፦ ጽድቅ በደከመ፣ ዓመፅም በበረታ ቁጥር የሂንዱዎቹ አምላክ ክሪሽና ዘመን እየቆጠረ ተመልሶ ይወለዳል። በ2011 ሜትሮፖሊታን ላይ ሲታይ ውጭ የሀብት ልዩነትን የሚቃወሙ ሰልፈኞች ነበሩ። ግላስ ራሱ ወጥቶ ይሄንኑ ቃል አነበበላቸው፣ ሕዝቡም እየተቀበለ ደገመው።

ማርታ፦ በምን ቋንቋ?

ሄኖክ፦ ...በእንግሊዝኛ።

ማርታ፦ አየህ? እንዲገባቸው ፈልጎ!

ሄኖክ፦ ውጭ ሰልፍ ነው፣ ውስጥ ጸሎት ነው፣ ይለያያል!

ማርታ፦ እኔ ትርጉሙ ይጻፍ ባይ ነኝ፣ አልለቅም። ዜማውን ግን ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ።