ትርፍ የምትሆነዋ ቁራጭ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማወራው ፕሮግራም ስንጽፍ ረጅም ሊስትን (ዝርዝርን) እኩል እኩል እየቆረሱ ስለ መላክ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለችም።

1,203 ሰዎች ስልክ ላይ ማሳወቂያ ልትልኩ ነው እንበል። ማሳወቂያውን የሚያደርስልን የጉግል አገልግሎት፣ ፋየርቤዝ፣ በአንድ ጥሪ ቢበዛ 500 ስልክ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ 500፣ 500፣ ከዚያ 203። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተለመደው መንገድ ቀላል ነው። ሬንጅ፣ ማለትም ቁጥር በተራ የሚሰጣችሁ ትእዛዝ፣ ከ0 ተነስቶ በ500 በ500 ይዘላል፤ በደረሰበት ቁጥር ላይ ሆናችሁ ቀጣዮቹን 500 ትቆርጣላችሁ። የመጨረሻው ባይሞላም ፓይተን የተረፈውን ይሰጣችኋል። ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ ጀማሪም አንብቦ ይገባዋል።

ብዙዎች አሪፍ የሚሉት ሌላ ዘዴ አለ፤ አንዱን ኢተሬተር (ከሊስቱ አንድ በአንድ እያወጣ የሚሰጠውን) 500 ጊዜ ደጋግሞ ለዚፕ፣ ማለትም ከተሰጡት ሁሉ አንድ አንድ እየወሰደ ቡድን ለሚሠራው ትእዛዝ፣ መስጠት። በአንድ መስመር ያልቃል። ችግሩ፣ ዚፕ ካልከለከላችሁት በቀር የመጨረሻው ቡድን ካልሞላ ይተወዋል። 203ቱ ሰዎች ቀሩ ማለት ነው። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙ በሰላም ጨረሰ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ኮዱ ቢሰናከል እኮ ወዲያው ታዩታላችሁ። ከ203ቱ አንዷ ግን የቀጠሮዋን ማሳሰቢያ የምትጠብቅ እናት ልትሆን ትችላለች፤ እሷ ደግሞ ያልደረሳትን ነገር ከየት አውቃ ታመልክት? በ1,000 ስም ብትሞክሩት ደግሞ ጥፋቱ አይታይም፣ ለ500 እኩል ይካፈላላ!

ትልቅ ፋይል መስመር በመስመር እያነበባችሁ ከሆነ ግን ርዝመቱ ስለማይታወቅ ሬንጁ አይሆንም። ለዚህ ነው በ2023 የወጣው ፓይተን 3.12 ኢተርቱልስ በሚባለው የመሣሪያ ስብስቡ ውስጥ ባችድ የሚባል ቆራሽ ትእዛዝ ሲያስገባ ደስ ያለኝ። የሰጣችሁትን ሁሉ ይቆርሳል፣ የመጨረሻዋን አጭር ቁራጭም አይጥልም። በ3.13 ደግሞ ስትሪክት የሚል ምርጫ ተጨመረበት፤ ካበራችሁት፣ የመጨረሻው ሳይሞላ ሲቀር ኤረር ይሰጣል። መጣልም መጮህም የእናንተ ውሳኔ ሆኖ ኮዱ ላይ በግልጽ ሲጻፍ ነው ደስ የሚለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እየዞራችሁበት ካለው ሊስት ላይ የላካችሁትን እያጠፋችሁ አትሂዱ፤ ቦታው ስለሚንሸራተት መሃል ላይ ሰው ይዘለላል።

እና ስትፈትሹ በባዶ ሊስት፣ በ1፣ በ499፣ በ500 ሞክሩት። 501ን ደግሞ በፍጹም እንዳትረሷት። በሉ ቸር ሰንብቱ።