ስፒዲ ለምን ይዞራል?

እሺ... እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ በሮቦት ጦር ስንቅና ጥገና እንቀጥላለን ተባብለን ነበር። «ባትሪውን ማን ይሞላዋል?» የምትለዋ ጥያቄያችንም አልተረሳችም፣ ትመጣለች። ግን ስፒዲ አልለቀቀኝም። ባለፈው ነካ አድርገን የተውነው የልቦለድ ደራሲው የአይዛክ አሲሞቭ ሮቦት፣ ስፒዲ። እስኪ ቀስ ብለን እንየው።

ታሪኩ በፈረንጆቹ 1942 የወጣ ነው። ቦታው ሜርኩሪ። ሁለት ሰዎች አሉ፣ ፓውልና ዶኖቫን። ከፀሐይዋ ቃጠሎ የሚጠብቃቸው የፎቶ ሴል እየሞተ ነው፣ ለማደስ ሴሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። የሴሊኒየሙ ኩሬ 17 ማይል ይርቃል፣ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዶኖቫን ስፒዲን እንደ ዋዛ «ሂድና አምጣ» ይለዋል። አላጠበቀም፣ አላስጠነቀቀም። ስፒዲ ሄደ። አምስት ሰዓት አለፈ። ሲከታተሉት ኩሬውን ይዞራል። አይቀርብም፣ አይመለስም። ደርሰው ሲያናግሩት ደግሞ እንደ ሰከረ ይዘፍናል።

እዚህ ላይ ቆሙልኝ።

አሲሞቭ ለሮቦቶቹ ያወጣቸውን ሦስቱን ሕጎች ታውቃላችሁ። ሰውን አትጉዳ፣ ሲጎዳም ዝም ብለህ አትይ። ትእዛዝ ፈጽም። ራስህን ጠብቅ። ስፒዲ አዲስና ውድ ስለሆነ ሦስተኛውን ሕግ አጠንክረው ነው የሠሩት። ትእዛዙ ግን እንደ ዋዛ ስለተነገረ ሁለተኛው ላልቷል። ኩሬው አጠገብ ደግሞ ከመሬት የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ በዚያ ሙቀት የስፒዲን ብረት ይበላል። በቁጥር ላስቀምጠው፣ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። የትእዛዙ ኃይል የትም ቢሆን 10 ይሁን። የአደጋው ኃይል 1000 ለርቀቱ ሲካፈል ይሁን፣ ርቀቱ በሜትር። ኩሬው 200 ሜትር ሲቀረው አደጋው 5 ነው፣ ትእዛዙ ያሸንፋል፣ ወደፊት ይሄዳል። 50 ሜትር ላይ አደጋው 20 ይሆናል፣ ያፈገፍጋል። 100 ሜትር ላይ 10 ለ10። እኩል። ኩሬውን ከቦ 100 ሜትር የሚርቀው ቦታ ሁሉ ደግሞ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ላይ ወደ ጎን መሄድን የሚከለክል ምንም ኃይል የለም። ስለዚህ ይዞራል።

ሰዎቹ ኦክሳሊክ አሲድ ወረወሩ። አሲዱ ሲግል ፈርሶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፣ አደጋው ይጨምርና ስፒዲ ወደ እነሱ ይሸሻል ብለው ነው። አልሠራም። በእኔ ቁጥር 1000 የነበረው 1500 ሆነ እንበል፤ ቀለበቱ 150 ሜትር ላይ ሄዶ ቆመ። ሰፋ እንጂ አልፈረሰም። ይህን ቦታ በጣም የምወደው ለዚህ ነው፤ አሲሞቭ ሒሳቡን ሳይጽፍ ሒሳቡን ጠብቋል።

ታሪክ የምትልኩልኝ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። የሮቦቶቻችሁ ትእዛዝ ሁሉ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ የሚያመነታ ሮቦት አይወጣችሁም፤ ወይ ይታዘዛል፣ ወይ ድንገት ያምፃል፣ አንባቢም አያምናችሁም። ለትእዛዙ ክብደት ስጡት። በርቀት፣ በጊዜ፣ በተናጋሪው ድምፅ የሚቀየር ክብደት።

ደግሞ አንድ ስፒዲ ብቻ ለምን? አንድ ሺህ አስቡ። ቀለበቱ ላይ አንድ ሺህ ስፒዲ አለ፣ እንዳይጋጩ እርስ በርስ ይተያያሉ። አብዛኞቹ ወደ ቀኝ መዞር ከጀመሩ ወደ ግራ የሚዞረው ለሁሉም አደጋ ነው፣ ሦስተኛው ሕግ ይገፋዋል። ቆይቶ ሁሉም ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። አሁን ባትሪውን ማን ይሞላዋል? ቻርጀሩ 27 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ባትሪው ያነሰበት ለራሱ ይበልጥ ይፈራል፣ የእሱ ቀለበት ይሰፋል። የተሞላው ወደ ውስጥ፣ የደከመው ወደ ዳር። ከላይ የሚያይ ሰው መደብ አለ ይላል፣ ሥርዓት አለ፣ በዓል አላቸው ይላል። ከሁለት ቁጥር! እና ይሄ ማኅበረሰብ ነው ወይስ አይደለም? ነው ማለት እፈልጋለሁ። ግን... ቆይ፣ ወደ ስፒዲ ልመለስ።

ቀለበቱን የሰበረው ፓውል ነው። ራሱ ወደ ሙቀቱ ወጣ፤ እየሞትኩ ነው አለ። የመጀመሪያው ሕግ ሁለቱንም ደፈጠጠ፣ ስፒዲ ሮጦ አዳነው። ከዚያ ወደ ሌላ ኩሬ ላኩት፣ አሁን በጠንካራ ትእዛዝ። በ42 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ተመለሰ። ሁሉም ደስ አለው።

እኔን ግን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ስፒዲ ጤነኛ ሲሆን በ42 ደቂቃ ይመለሳል፣ ውስጡ ማን እንዳለ ምንም አይታይም። የራሱ የሚመስል ነገር የሠራው ሁለት ትእዛዝ እኩል ሆኖ ሲይዘው ብቻ ነው። ዝፈን ያለው የለም። የእኔ ቁጥር መዞሩን ያስረዳል፣ ዘፈኑን አያስረዳም። ነፃ ፈቃድ የሚባለው ትእዛዝ ሲበዛ የሚወጣ ትርፍ ነገር ይሆን? እንደዚያ ማለት ይከብደኛል። እኛ ቤት ነፃ ፈቃድ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ነው፣ እኔም የማምነው እሱን ነው፤ በብልሽት የሚገኝ ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው ፔትሮቭ የሚመጣብኝ። መስከረም 15 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የእኛ ደመራ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ ከሞስኮ ወጣ ብሎ፣ የሶቪየቱ ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ተረኛ ነው። የሳተላይቱ ሥርዓት ከአሜሪካ አንድ ሚሳይል ተተኮሰ አለ። ከዚያ አራት ጨመረ። አምስት። ሥራው ወደ ላይ ማሳወቅ ነው። የመሬት ራዳሩ ግን ምንም አላየም። ፔትሮቭ ጦርነት በአምስት ሚሳይል አይጀመርም ብሎ አሰበና ስልኩን አንሥቶ የሥርዓቱ ብልሽት ነው አለ። ብልሽት ነበር፤ ከፍ ያለ ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ሳተላይቱን አሳስቶት ነው።

እሱም ቀለበት ላይ ነበር። አንድ ወገን ትእዛዝ፣ አንድ ወገን ጥርጣሬ። ግን አልዞረም።

በዚያው በፈረንጆቹ 1983 ደግሞ የአንጎል ተመራማሪው የቤንጃሚን ሊቤት ሙከራ ታተመ። ሰው እጁን ከማንቀሳቀሱ ከ550 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በፊት አንጎሉ መሰናዳት ይጀምራል፤ ሰውየው «አሁን ፈለግሁ» የሚለው ግን 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። ሊቤት ራሱ ነፃ ፈቃድ የለም አላለም፤ በቀረችው ጊዜ ሰው እምቢ ማለት ይችላል አለ። ፔትሮቭ ያደረገውም እምቢ ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? ግን እምቢታውም የራሱ መሰናዶ ካለውስ... እሺ፣ ይህን ልተወው።

የአዘዞው አድማጫችን ስለ መንጋ ድሮን ጠይቀሃል፣ በአጭሩ። የፖላንዱ ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም በፈረንጆቹ 1964 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ዝንብ መሳይ ማሽኖች አሉ። እያንዳንዷ ምንም አታስብም፣ ደመና ሆነው ሲነሡ ግን በማግኔት ኃይል የሰውን ትዝታ ያጠፋሉ። አዛዥ የላቸውም፣ ስለዚህ አዛዣቸውን መትተህ አታቆማቸውም። እኛ ለዚህ ሩቅ አይደለንም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ጠበቀው ብለው ነው አባቶች የሚነግሩን። ያ መንጋ ላኪ ነበረው። የሌም መንጋ ላኪ የለውም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ተኩስ ይቁም ቢባል ለማን ይነገራል? ማን ፈርሞ ማን ይመለሳል? እዚህ አገር ይህን ጥያቄ የሚያቀለው ሰው አለ ብዬ አላስብም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ «ታዲያ የፔትሮቭን ጥርጣሬ ማሽኑ ውስጥ እንጻፈው» ትላላችሁ። ጻፉት። ሚሳይሉ ከአምስት ካልበለጠ፣ ራዳሩም ካላረጋገጠ፣ ብልሽት በል። ጥሩ። ያ መስመር ከተጻፈ በኋላ ግን ቀዳዳ ነው። ጠላት አንድ ቀን ያገኘዋል፣ ሆን ብሎ አምስት ይልካል፣ ራዳሩን ያሳውራል። ቁጥሩን ብትቀያይሩት ቀዳዳው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይደፈንም፣ ልክ እንደ ኦክሳሊክ አሲዱ። የፔትሮቭ ጥርጣሬ የሠራው የት እንዳለ ማንም ስለማያውቅ ነው። ምናልባት ራሱም። ያ ማለት ነፃነት አለመገመት ነው? አይመስለኝም። የእቁብ ዕጣም ማን ላይ እንደሚወጣ አይገመትም፣ ፈቃድ አለው የሚል ግን የለም። እና በዕጣውና በፔትሮቭ መሃል አንድ ነገር አለ፣ አለ ብዬ አምናለሁ፣ ግን ክብደት ስጠው ብትሉኝ... በየትኛው ሕግ ሥር እንደማስገባው ራሱ...