ቤንን የገደሉት ሙታን አይደሉም

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። አስፈሪ ፊልም አብዝቼ እወዳለሁ፤ ከሁሉም የማስበልጠው ግን በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። ጆርጅ ሮሜሮና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ፣ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ በጥቁርና ነጭ የሠሩት ነው። ደም ሆኖ የሚታየው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው።

ሙታን ተነሥተው የሰው ሥጋ ይበላሉ፤ ሰባት ሰዎች በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ በር ዘግተው ያድራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። እኔን የሚይዘኝ ቤን ነው። ሌላው ሲርበተበት መስኮቱን በሳንቃ የሚዘጋው፣ ለሁሉም የሚያስበው እሱ ነው። ቤንን ሆኖ የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ስለ ቆዳው ቀለም ማንም ትንፍሽ አይልም። ሮሜሮ እንደተናገረው ጆንስ የተመረጠው ለፈተና ከቀረቡት ሁሉ ስለበለጠ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው ነጮችን ሲያዝ፣ እምቢ ያለውንም ሲመታ በሲኒማ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነበር!

መጨረሻውን ልንገራችሁ፤ ፊልሙን ያላያችሁ ይቅር በሉኝ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ሙታን ሌሊቱን ሙሉ ያልቻሉትን ቤንን፣ ሲነጋ ሙታኑን እያደኑ የመጡ ነጭ ታጣቂዎች በመስኮት አይተው ግንባሩን በጥይት ይመቱታል። ከሙታን አንዱ መስሏቸው ነው። ከዚያ ምስሉ መንቀሳቀሱን ያቆምና እንደ ጋዜጣ ፎቶግራፍ የሻከሩ ሥዕሎች ይከታተላሉ፤ አስከሬኑን በሥጋ መንጠቆ ይዘው ወደ እሳቱ ይወስዱታል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችን ሰቅለው ከሬሳው አጠገብ ፎቶግራፍ የተነሡትን ነጮች ያየ ሰው፣ እነዚህን ሥዕሎች እንደ ተረት ሊያያቸው አይችልም።

ሮሜሮ የማርቲን ሉተር ኪንግን መገደል በሬዲዮ የሰማው ያለቀውን ፊልም በመኪና ወደ ኒው ዮርክ ይዞ ሲጓዝ እንደነበር ተናግሯል። ኪንግ በኤፕሪል ተገደለ፤ ፊልሙ በኦክቶበር ለሕዝብ ቀረበ። ደራሲዎቹ ስለ ዘር ብለው አልጻፉትም፤ ተመልካቹ ግን ያ ሐዘን ሳይወጣለት ነበር ሲኒማ ቤት የገባው። የፊልም ትርጉም ሠሪው ያሰበው ብቻ ነው የሚለውን ክርክር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ምልክቱን ስላስቀረው፣ ፊልሙን ማንም በነጻ ሊያሳየው ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ቤን ሲወድቅ አትዝጉት። ፎቶግራፎቹን እስከ መጨረሻው እዩና የተሰማችሁን ጻፉልኝ።