ሰፌድ ላይ የቀረው

የተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ከመዋጮና ከድንኳን ጉዳይ በፊት ይህችን ግማሽ ሰዓት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ላቦራቶሪ ውስጥ ደምና ሽንት ስመረምር ነው የኖርኩት። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ላቦራቶሪ አይደለም። ስለ ሰፌድ ነው፤ ከምግባችንና ከውሃችን ጋር ገብቶ ጉበትና ኩላሊታችንን ስለሚጎዳው መርዝ።

ከአንዲት መንደር ልጀምር። ትግራይ ውስጥ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዓዳ እምባ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያ ያልታወቀ በሽታ ገባ። ሰው መጀመሪያ ሆዱን ያመዋል። ቀጥሎ ሆዱ ያብጣል፣ ሌላው ሰውነቱ ይከሳል። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይታመማል። ሐኪሞች ተላላፊ በሽታ ይሆናል ብለው ፈለጉ፤ አላገኙም። ከአገር ውስጥም ከውጭም ባለሙያዎች እየተመላለሱ ውሃውንም፣ እህሉንም፣ ደሙንም መረመሩ። ዓመታት ፈጀ።

በመጨረሻ የተገኘው ጥፋተኛ አንድ ተራ አረም ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አጌራተም ኮኒዞይደስ ይባላል። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ አንዳንድ አገር ግቢ ውስጥ ለጌጥ ይተክሉታል። የአረሙ መርዝ እህሉ ውስጥ ተገኘ። አብሮ በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ አብሮ ተፈጭቶ ቤት ገብቷል ማለት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ300 በላይ ሞተዋል። ሦስት መቶ ቀብር ምን ማለት እንደሆነ ለእድርተኛ አይነገርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የበላነው ነገር አብዛኛው ከአንጀት ተነስቶ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ነው። ጉበት ኬላ ነው በሉት። የመጣውን ጭነት ሁሉ ፈትቶ ያያል፤ የሚጠቅመውን ያስቀራል፣ የማይጠቅመውን ለውጦ ያስወጣል። የዚያ አረም መርዝ ክፋቱ፣ እንደታሸገ ቢያልፍ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። ጉበት ሊያስወግደው ብሎ ሲፈታው ነው የሚፈነዳው። ጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያቆስላል። ይደፈናሉ። ደሙ መውጫ ሲያጣ ውሃው ወደ ሆድ ይፈስሳል። ያበጠው ሆድ ያ ነው።

አሁን «እኛ አዲስ አበቤዎች ነን፣ አረም ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሻጋታ እንምጣ።

እናቴ በርበሬ ስትቀነጥስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። ዛላውን ታነሳለች፣ ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ትቀነጥሰዋለች፣ ከዚያ ጎኑን በአውራ ጣቷ ትሰነጥቀዋለች። ከውጭ ሲያዩት ደማቅ ቀይ ነው። አንዳንዱ ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ አመድ የነፋበት ይመስላል፤ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቋል። ያንን ወዲያ ትወረውረዋለች። እኔ ልጅ ነኝና «እማዬ፣ ቢፈጭ እኮ አይታወቅም» አልኳት አንድ ቀን። «እሱማ አይታወቅም» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ያ አመድ የመሰለው ነገር ሻጋታ ነው። በርበሬ ላይ፣ ኦቾሎኒ ላይ፣ በቆሎ ላይ፣ ማሽላ ላይ የሚበቅለው አንዱ የሻጋታ ዘር አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህም ጉበት ሲፈታው ነው የሚከፋው። የተፈታው መርዝ የጉበት ሴሎች ዘረ መል ላይ ይለጠፋል፤ ዓመታት ቆይቶ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተበላ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥበት ላይ የተቀመጠ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል።

እሳት ይገድለዋል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን የምድጃችንን ሙቀት የሚችል ነው። ሽሮም ይንተክተክ፣ በርበሬም ይቁላላ፣ አብዛኛው እዚያው ነው።

ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ የተባለ ጊዜ ከተማው ሁሉ ተንጫጫ። ልክ ነው፣ መንጫጫትም ነበረብን። ግን ነጋዴው ዛላው እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲደፋ ብሎ በርበሬው ላይ ውሃ ሲረጭ በዓይናችን እያየን ዋጋ እንከራከራለን። እርጥብ በርበሬ በጆንያ ሲታፈን ለሻጋታ ሠርግና ምላሽ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሱቅ ቸኩዬ የተፈጨ ገዝቼ፣ ቤቴ ስከፍተው እንደ አሮጌ ምድር ቤት ሸተተኝ። ጣልኩት። ብሩ አንገበገበኝ፣ ቢሆንም ጣልኩት።

እንዲያውም ያልሸተተው ነው የሚያስፈራኝ። መርዙ ለብቻው ሽታም ጣዕምም የለውም።

ደግሞ አንድ ልማድ አለን። የሻገተውን አንጥልም፣ «ለላሟ ስጧት፣ ለዶሮዋ በትኚላት» እንላለን። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ የአውሮፓን ጥብቅ ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ዋናው ምንጭ የከብት መኖው፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ነበር። ወተት አትጠጡ እያልኩ አይደለም፤ ልጆች ያስፈልጋቸዋል። ላም ያላችሁ ግን፣ ፋጉሎ ስትገዙ እጃችሁን ከትታችሁ እዩት። የሞቀና የተጋገረ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ውሃን በተመለከተ ሁላችንም አንድ መልስ አለን፤ «አፍልቶ መጠጣት» እንላለን። ማፍላት ጥሩ ነው። ታይፎይድን ይገድላል። የወፍ በሽታ የምንለውን የሚያመጡትን፣ በውሃ የሚተላለፉትን የጉበት ቫይረሶችም ይገድላል። ሕይወት የሌለውን መርዝ ግን እሳት ምን ያደርገዋል? የቆቃን ሐይቅ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ውሃው አንዳንዴ ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። ያ አረንጓዴ ነገር ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ረቂቅ ሕዋስ ይዟል። ሲፈላ ሕዋሱ ይፈነዳና መርዙ ወደ ውሃው ይወጣል። ብራዚል ውስጥ ካሩአሩ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሕሙማን ይህ መርዝ ባለበት ውሃ ታጥበው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለኩላሊታቸው ሄደው በጉበታቸው ሞቱ።

ኩላሊት ካነሳን፤ ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ። ችግሩ፣ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በዚህ መመላለስ ውስጥ እዚያው ይቀራሉ። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ጃፓን፣ ቶያማ ውስጥ ካድሚየም ያለበት የማዕድን ማውጫ ቆሻሻ ጂንዙ ወንዝ ገባ፤ በወንዙ የሩዝ ማሳ ጠጣ። የሰዎቹ ኩላሊት ተበላሸ፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበር ጀመር። የበሽታው ስም ራሱ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው።

አቃቂ እዚያ ደረጃ ደርሷል አላልኩም። ነገር ግን በአቃቂ ወንዝ በሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህን ብረቶች በተደጋጋሚ አግኝተዋል። በሥር የገባውን በሆምጣጤ ማጠብ አያወጣውም። ስለዚህ ጎመን ስትገዙ የየት እንደሆነ ጠይቁ። ሻጯ ትስቅባችሁ ይሆናል። ይሁን፣ ትሳቅ።

ስለ ጄሪካን ካነሳሁ አይቀር፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ አጥባችሁ ውሃ አትቅዱበት፣ ዘይትም አትያዙበት። ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥጣል፤ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ሰፌዱ ልመለስ። ኦቾሎኒ ላይ መርዙ በሁሉም ፍሬ እኩል አይሠራጭም። ጥቂት ፍሬዎች ላይ ይከማቻል። ከብዙ መቶ ፍሬ አንዷ ብቻዋን የሁሉንም ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ቆዳው የነጣውን መልቀም መርዙን በጣም ይቀንሰዋል። ለቀማ ድሮ የእናቶቻችን ሥራ ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። የለውዝ ቅቤ ውስጥ ምን መልቀም ይቻላል?

ትናንት ከገበያ አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ ገዝቼ ማታ ቁጭ ብዬ ለቀምኩት። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ታያላችሁ። ትልቁ የሚበላው ነው፤ ቆልቼዋለሁ፣ ከቡናው ጋር ይዞራል። ትንሹ ሰፌድ ላይ የቀረው ነው። ስትወጡ ቀርባችሁ እዩት፣ በእጃችሁም አገላብጡት። ልጆቹ ብቻ እንዳይቀምሱት ያዙልኝ፤ ስብሰባው ሲያልቅ እኔው ራሴ አቃጥለዋለሁ።